የጸደንያ ምስክር

ትርሲት የሞጣን ስም መስማት ካስጠላት ሰነባብቷል። ከተማዋ ምንም አልበደለቻትም። ሽማግሌ ሊልክ ቃል የገባላት አንዷለም ግን ከብቸና እየተነሣ ወደዚያ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ በሯን ማንኳኳት ትቷል። የሚመላለሰው ለጥብቅና ሥራው ነው። ደንበኛው ደግሞ ጸደንያ ናት፤ ፋርማሲስት፣ መልከ መልካም፣ ያላገባች!

ነገሩ የተጀመረው ሞጣ ውስጥ በአንድ ሰርግ ላይ ነው። ሰማው የሚባል ሌላ ፋርማሲስት ትርሲት አጠገብ ተቀምጦ፣ «ጸደንያ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ቀኑን እየፋቀች ትሸጣለች» አለ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ ገዢው ሸሻት። እሷም ሰማውን በስም ማጥፋት ከሰሰችው።

ምስክር ተብለው የተገኙት ሁሉ ግን «ሲወራ ሰማን» ባዮች ሆኑ። የስሚ ስሚ ደግሞ ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም። ከሰውየው አፍ በጆሮዋ የሰማችው ትርሲት ብቻ ነበረች። ይህን ለአንዷለም የነገረችውም ራሷ ናት። አመስግኗት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ስልኳንም አያነሣም።

መጥሪያው ሲደርሳት ልትቀደው ቃጣት።

«ለእሷ ብዬ አፌን ልክፈት? ገደል ትግባ!»

ዝም ብትል ጸደንያ ተረትታ፣ ሱቋን ዘግታ ከሞጣ ትሄድላት ነበር። ይህን እያሰበች ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ይህንኑ እያሰበች ችሎት ገባች። ጸደንያ ከአንዷለም ጎን ተቀምጣለች። ነጠላዋ እንኳ ያምርባታል።

ትርሲት ማለች። ከማለች በኋላ ግን መዋሸት አልሆነላትም፤ የሰማችውን አንድ በአንድ ተናገረች።

የተከሳሹ ጠበቃ ተነሣ። «ከከሳሽ ጠበቃ ጋር ምን ግንኙነት አለዎት?»

አንዷለም አንገቱን ደፋ።

«እወደው ነበር። አሁን ዞር ብሎም አያየኝም። የሚያየው እሷን ነው።»

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ ጸጥ አሰኙና፣ «ታዲያ ለምን ይመሰክሩላታል?» አሉ።

«ለእሷ ብዬ አይደለም፣ ክብርት ዳኛ። ብትከስር ደስ ባለኝ። ግን ሰውየው ብሏል፤ እኔም ሰምቻለሁ።»

ጠበቃው ተቀመጠ።

ፍርዱ ለጸደንያ በተሰጠ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ ብቸና ውስጥ የትርሲት በር ተንኳኳ። ከፈተችና ደጃፉ ላይ መንገድ ዘግታ ቆመች።

«ምስክሬ ነበርሽ» አለ አንዷለም። «እዚህ ብመላለስ፣ ሽማግሌ ብልክ፣ ‹እሱ ነው ያስጠናት› ብለው ቃልሽን ዋጋ ያሳጡት ነበር።»

«ይህንኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ፣ በመሐላ ስትጠየቂ ትናገሪዋለሽ። መደበቅ የት ታውቂና! ይቅር በይኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን የነደደችው ለዚህ ኖሯል። ልትመታው አማራት፤ ልታቅፈውም አማራት። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ?»

«ይምጡ።» ደጃፉን ግን አልለቀቀችም። «እሷንም ለሰርጉ ትጠራታለህ?»

«ከፈቀድሽ።»

«ከባሏ ጋር ትምጣ።»

«ባል የላትም እኮ።»

«እስከዚያ ታግባ!» አለችና ደጃፉን ለቀቀችለት።