የባለ መቀነቷ ቀይ ትከሻ

በወርኃ ቁር በሦስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። የኢርማን ሕዝብ እንደ አባቶቹ ልማድ ጀርባውን ለሐይቀ ዞራ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወደ ደብረ ቁር አዞረ። በዚያች ምሽት ባለ መቀነቷ ከተራራው በላይ ቀና ብላ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትታያለች። ልጇን ያዘለች የሰማይ እናት ናት፤ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት እግር፣ ወገቧ ላይ ደግሞ በአንድ መስመር የተሰደሩ ሦስት ኮከቦች። በብርድ ወራት ሰማይ እንደ እርሷ የሚደምቅ የለም።

ያን ምሽት ግን ቀይ ትከሻዋ የሆነው ኮከብ አልነበረም።

መጀመሪያ የጮኸችው ማዕዶት ነበረች። አባቷ ከአርባ ታንኳዎች ጋር በሩቁ ደሴት ለዓሣ ሰንብቷል። የኢርማን ታንኳዎች በዓለቶቹ መካከል ወደ ቤት የሚቀዝፉት ያን ቀይ ኮከብ ፊት ለፊት እያዩ ነው፤ እርሱ ከሌለ ዓለቱ ይበላቸዋል።

ንግሥት ሣልሲት በትሯን አነሳች። «የኢርማን ልጆች ሆይ! በደብረ ቁር አናት የምትኖረው ታላቂቱ ወፍ ቃራሚት ኮከባችንን ለቅማለች። ታንኳዎቹ ጨረቃ ስትጠፋ ከደሴቱ ይነሳሉ። ማን ይሄዳል?»

«እኔ!» አለች ማዕዶት። «በመቀነቷ እምላለሁ! አባቴን የሚያመጣውን ኮከብ ሳልመልስ የዞራን ውሃ አልቀምስም!»

«ታዲያ እስክንመለስ ምን ልትጠጪ ነው? ጤዛ?» አለ ከኋላዋ ታላቅ ወንድሟ ኤላም። መረብ ጠጋኝ ነው፤ በምሽት ብርሃን የተበጠሰች አንዲት ቋጠሮ ከሩቅ ይለያል። ሰው ሁሉ በጭንቀቱ መሐል ሳቀ። እርሱ ግን የመረብ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መንገድ ጀምሮ ነበር።

በተራራው ወገብ ላይ የነፋስ ጅቦች መጡባቸው። አካል የላቸውም፤ ያላቸው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። «ማዕዶትዬ፣ በዚህ በኩል ነይ» አላት የአባቷ ድምፅ ከገደሉ አፋፍ። እግሯ ሊሄድ ሲል ኤላም ወገቧ ላይ ያሰረው የመረብ ገመድ መለሳት።

«ጋሼ፣ አባባ ነው እኮ!»

«አባባ በሕይወቱ ማዕዶትዬ ብሎሽ ያውቃል? ‹አንቺ ቀበጥ› ነው የሚልሽ።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። እውነቱን ነበር።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ጠልቃ ገና መጨለሙ ነበር። ማዕዶት ወደ ምሥራቅ አየች፤ ባለ መቀነቷ በጎኗ ተጋድማለች። «ሞታለች! ባለ መቀነቷ ወድቃ ሞታለች!» በሐይቁ ዳር ተራራው ስለሚጋርዳት፣ ከኢርማን ሰው ባለ መቀነቷን ስትወጣ ያየ አልነበረም። ሁሉም የሚያውቃት ቀና ካለች በኋላ ነው።

ኤላም ረጅም ጊዜ ተመለከተና ፈገግ አለ። «ቆሞ ከመኝታው የሚነሳ ማን ነው? ገና መንቃቷ ነው። ሦስቱን ፈልጊ፤ ሌላው ይከተላል።»

ፈለገች። ሦስቱ ከአድማስ በላይ አንዱ በአንዱ ላይ ቆመዋል። ከእነርሱ በስተደቡብ ግርጌዋ አለ፤ እግሯ ነጭ ሆኖ ይንቀለቀላል። በስተሰሜን ራስጌዋ ነው፤ አንድ ትከሻ ብቻ። ከእርሱ በታች ጨለማ።

«ሌባ አትበሉኝ» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ካለው የወፍ ጎጆ መጣ። ቃራሚት የቤት ያህል ትልቅ ናት፤ ነገር ግን ተሸማቃ ነበር የተቀመጠችው። «የበሰለ እንጆሪ መስሎኝ ነው። ስውጠው አልዋጥ ቢለኝ ከእንቁላሌ ሥር አኖርሁት። እንቁላሌ በርዶ ዝም ብሎ ነበር፤ አሁን ከውስጥ ያንኳኳል።»

«ወደ ቦታው መልሽው» አለች ማዕዶት።

«ለቃሚ ማሳውን እንጂ ዛላውን ያስታውሳል? ቦታውን ካልሳተ ይይዛል፤ ከሳተ ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ይጠፋል። ደግሞስ ልጄ? ብርሃን ከወሰዳችሁ ብርሃን ስጡኝ። የአንድ ሰው ዓይን ብርሃን ይበቃዋል።»

«የእኔን ውሰጂ!»

«አንቺ ከታወርሽ ቦታውን ማን ያሳያታል?» አለ ኤላም በቀስታ።

«አንተ ታሳያታለህ። ከእኔ ይልቅ ታያለህ።»

«የማልሁት እኔ ነኝ? አባባ ከታንኳ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚፈልገው የማንን ፊት ነው? በይ ዞር በይ፣ ልይሽ።» በሁለት እጁ ፊቷን ይዞ አያት፤ ቅንድቧን፣ ጉንጯን፣ ብርድ የሰነጠቀውን ከንፈሯን። «አፍንጫሽ ላይ ጭቃ አለ» አለ በመጨረሻ። በአውራ ጣቱ ጠረገላትና ግንባሩን እንቁላሉ ላይ አሳረፈ።

ሰማያዊ ጭላንጭል ከዓይኖቹ ወደ ቅርፊቱ ፈሰሰ። ከውስጥ የነበረው ማንኳኳት በረታ።

ቃራሚት ኮከቡን በአፏ ይዛ ተነሳች። ማዕዶት መዳፏን ዘርግታ እያለቀሰች ትመራታለች። «ወደ ራስጌዋ! አለፍሽ፣ ተመለሺ! ዝቅ በይ… ከሌላኛው ትከሻ በታች… እዚያ ላይ!» ወፏ መንቁሯን ከፈተች። ቀዩ ኮከብ አንዴ ተንገዳገደ።

«ያዘ?» አለ ኤላም።

«ያዘ።»

«እንዴት ሆና ትታያለች?»

ማዕዶት በጎኑ አስተኛችው፤ ራሱን ወደ ሰሜን፣ እግሩን ወደ ደቡብ። ከዚያ ቀዝቃዛ ጣቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። «ይኼ ቀዩ ነው፤ ሊጠፋ የደረሰ ፍም ይመስላል።» ወገቡን ሦስት ጊዜ ነካች። «እነዚህ መቀነቷ ናቸው።» ቁርጭምጭሚቱን ያዘች። «ይኼኛው ነጭ ነው። ይንቀጠቀጣል።»

«የሚንቀጠቀጠው እኔ ነኝ፤ በረደኝ» አለ። ተቃቅፈው ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ።

ታንኳዎቹ ጨረቃ በጠፋች ማግሥት ገቡ፤ አርባውም። አባታቸው ከታንኳው ወርዶ «አንቺ ቀበጥ» አላት፤ ቀጥሎም የኤላምን ዓይኖች አየና ውሃው ውስጥ ተቀመጠ።

ኤላም ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ መረብ በእጁ እየዳሰሰ ይጠግን ነበር። የሞተው በክረምት እኩሌታ ነው። በዚያ ሳምንት ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ስለነበር ምንም ኮከብ አልታየም።