ያልተቀመቀመው ሻሽ

አጣቢዋ በመጀመሪያው ቀን ተናግራለች። ይኼ ይታወቅ። ኋላ ሁሉም «ማን አውቆ፣ ማን ገምቶ» ሲሉ የሰማ ሰው፣ በዚያ ትልቅ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ውስጥ ዓይን ያለው ሰው አልነበረም ወይ ሊል ይችላል። ነበረ። ዓይኑ የነበረው ግን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ ያየውን ቢናገር እንኳ እንዳላየ ነው የሚቆጠረው።

በየዓመቱ ዝናብ ሲጀምር ከሌላ አገር ተማሪዎች ይመጣሉ። አንድ ሴሚስተር ተቀምጠው የጥንት መጻሕፍትና ጸሎት ይማራሉ፣ ከዚያ ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። የቤቱ ደንብ ግን እንደመጡ መጽሐፍ አያስገልጥም። መጀመሪያ ሰባት ቀን ዝም ይባላል። በአፍ መናገር የለም፣ በወረቀት መጻጻፍ የለም፣ እነሱንም ማንም አያናግርም። አፋቸው የሚፈታው በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ደወሉ ሲደወል ነው። ሴቶቹ ሻሽ ይሰጣቸዋል። ተማሪ ግራጫ ታስራለች፤ መንኩሳ እዚያው ልትቀር የቆረጠች ነጭ።

ልጅቷ ከሁሉም ዘግይታ፣ ጫማዋ ውሃ ቋጥሮ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ደረሰች። ግራጫዎቹ ሻሾች ተከፋፍለው አልቀዋል፤ የተረፈው አንዱ ገመድ ላይ በዝናብ በስብሷል። መዝጋቢው ከቁም ሳጥን አንድ ነጭ መዘዘና «ለዛሬ ይኼን» ብሎ ሰጣት። «ለዛሬ» ያለውን ከክፍሉ ሳይወጣ ረሳው። ማታ እራት ላይ መዝገቡን ይዞ በር ላይ ቆመ፤ የራሶቹን ቀለም እያየ ጻፈ። አሥር ግራጫ፣ አንድ ነጭ።

በማግስቱ፣ የዝምታው የመጀመሪያ ቀን ነው፣ አጣቢዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች የመዝጋቢው ቢሮ ገባች።

«የዚያች የመጨረሻዋ ልጅ ሻሽ ልክ አይደለም» አለችው።

«እማማ፣ መዝገቡ ላይ ነጭ ይላል።»

«መዝገቡማ ምን ይላል፣ አንተ ያጎረስከውን ነው እንጂ።»

ሰውዬው ሳቅ አለ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን የሚያባብሉበት ዓይነት ነው። እሱ ነው የባሰው። «ማንበብ ስለማይችሉ ነው እማማ። ይልቅ መጋረጃዎቹ መቼ ይደርሳሉ?»

አጣቢዋ ወጣች። እነሱ ሰባት ቀን ዝም ካሉ እኔ ሰባት ዓመት ዝም ማለት እችላለሁ ብላ አፏን ቆለፈች። ኩርፊያ ላይ ማንም አይደርስባትም።

የማጠቢያው መስኮት ከግቢው ማዶ ካለው የመጽሐፍ መደጎሻ ክፍል ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። እዚያ የሚሠራው ደጓሽ፣ ሥራው እንደ ቅዱሳን፣ ወሬው እንደ ገበያ የሆነ ወጣት ነው። አራት ዓመት ሙሉ እያንጎራጎረ ሲሰፋ ሰምታዋለች። የሽርጡን የሙጫ እድፍ በፈላ ውሃ ስታስለቅቅ የኖረችም እሷ ናት።

በሁለተኛው ቀን ልጅቷ የጸሎት መጽሐፏን እንደ ትኩስ ድስት በሁለት እጇ ይዛ ግቢውን አቋረጠች። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች በእጁ የጻፈላት መጽሐፍ ነው። ሻንጣው ውስጥ ዝናብ ገብቶበት ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ቅጠሎቹም ተላቀዋል። ደጓሹ ተቀበላት፣ አገላብጦ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ይድናል ማለቱ ነው። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ስላለባቸው እሷም እዚያው ቀረች።

እሱ በወስፌ ይበሳል፣ እሷ ክር ትይዛለች። መጀመሪያ ቀን ክሩን መቼ እንደምትወጥር፣ መቼ እንደምትለቅ አላወቀችም። በማግስቱ ቅንድቡን አይታ ታውቅ ጀመር። አንድ ጊዜ ወስፌው ጣቱን ወጋው። ሊናገር የነበረውን ነገር መልሶ ዋጠው፤ ፊቱ ግን ደንቡን አላከበረም። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ከፊቷ ተነስቶ ወደ ሻሿ ወጣና ሳቁ መብራት እንደጠፋበት ቤት ሆነ።

አጣቢዋ መስኮቷ ላይ ሆና ይኼን ሁሉ አየች። አንሶላ እየጨመቀች ነበር፤ ከሚገባው በላይ ጨመቀችው።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ደጓሹ አግዳሚውን አዙሮ ጀርባውን ለልጅቷ ሰጠ። ክሩንም ችንካር ላይ አስሮ ብቻውን መስፋት ያዘ። ማንጎራጎሩም ቀረ። ልጅቷ ክር አልባ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትውላለች። ምን አጠፋሁ ብላ እንዳትጠይቅ አፏ ታስሯል።

በአምስተኛው ቀን ማጠቢያው ክፍል መጣች። አንድ መሐረብ ነክራ ታሸው ጀመር። መሐረቡ ንጹሕ ነው። ንጹሕ መሐረብ የሚያጥብ ሰው የሚያጥበው ሌላ ነገር ነው፤ አጣቢዋ ይኼን ለማወቅ ፊደል አላስፈለጋትም። ቃል አፏ ድረስ መጣ። ደንብ ደንብ ነው፣ ደግሞም ኩርፊያዋ ገና አልበረደም። ሳሙና ብቻ አቀበለቻት። ልጅቷ ሳሙናውን ከአጣቢዋ እጅ ጋር አብራ ጥቂት ይዛ ቆየች፣ ከዚያ ሄደች። አጣቢዋ ያን ቀን ምሳዋን ከነሳህኑ መለሰችው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ደጓሹ ሸሚዞቹን ጠቅልሎ መጣ።

«እማማ፣ ለነገ ጠዋት ይደርሱልኛል?»

«ምን አስቸኮለህ?»

«ልሄድ ነው። ሌላ ከተማ ሥራ አለ ብለውኛል።»

«አራት ዓመት የለመንከው ቆዳ ገና ባለፈው ሳምንት መጣልህ። አሁን ጥለኸው ልትሄድ?»

ጥቅሉን እያጠበቀ እያላላ ቆየ። «ለእግዚአብሔር የተሰጠች ሰው ፊቴ ተቀምጣ ክር ስትይዝልኝ የምሰፋው ይጠፋብኛል፣ ጀርባዬን ብሰጣትም ይጠፋብኛል። ይኼ ጽድቅ ነው እማማ?»

«ማን ሰጣት?»

«መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ሄጄ አንብቤዋለሁ።»

«ይኼው ነው። እናንተን ንባብ የሚያጃጅላችሁ እዚህ ላይ ነው።» አጣቢዋ እጇን ከሳሙናው ውሃ አወጣች። «ስማኝ ልጄ። እዚህ ቤት ለምትመነኩስ ሁሉ የሻሿን ጠርዝ የምቀመቅመው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሌላ እጅ አልነካውም። የዚህችን ቀምቅሚ ያለኝ የለም። ጠርዙ ከጣቃው እንደተቀደደ ነው፣ ክሩ በትከሻዋ ላይ ይንጠለጠላል። ይኼን ሁሉ ቀን አብራህ ስትውል አላየኸውም?»

«ጠርዙን አላየሁም።»

«ምኗን ነበር ታዲያ የምታየው?»

ጆሮው ቀላ። ወዲያው ግን ፊቱ መልሶ ጨለመ። «እርስዎን ማዘዝ ረስተው ቢሆንስ?»

«አንተም እንደ መዝጋቢው?» ልትለው ነበር። አላለችም። የመሐረቡ ነገር ትዝ አላትና ለመጀመሪያ ጊዜ በኩርፊያዋ አፈረች። በሁለተኛው ቀን ለእሱ ብትነግረው ይኼ ጥቅል እዚህ አይመጣም ነበር።

«ሸሚዞችህን ነገ አዳራሹ በር ላይ መጥተህ ውሰድ» ብላ አሰናበተችው።

በስምንተኛው ቀን አሥራ አንዱም አዳራሹ ውስጥ ቆመው ደወሉን ይጠብቃሉ። መዝጋቢው መዝገቡን ከፍቶ፣ ደንቡ በዚያ ጠዋት ለእሱ ብቻ እንደሚፈቅደው፣ «ነጭ ያሰረችው ወደ ፊት ትምጣ። ደወሉ እንዳበቃ ለምንኩስና ቃል ትሰጣለች» አለ። ልጅቷ ግራና ቀኟን አየች። ነጭ ያሰረች ሌላ ሰው የለም። እጇ ሳታዝዘው ወደ ሻሿ ሄደ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ደጓሹ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

አጣቢዋ በመሐል መንገዱ መጣች፤ እርጥብ ጫማዋ ወለሉ ላይ ጧ ጧ ይላል። በክንዷ ላይ ግራጫ ሻሽ ይዛለች፣ የካውያው ሙቀት ገና አልለቀቀውም። ቃል አልተነፈሰችም። ነጩን ፈታችው። የተንጠለጠለውን ጠርዝ ከመዝጋቢው አፍንጫ ሥር ዘርግታ አሳየችው። ከዚያ ግራጫውን በልጅቷ ራስ ላይ አስራ፣ ጫፉን አስተካከለችላት፣ አገጯንም ቀና አደረገችላት።

ልጅቷ በእጇ ግራጫውን ዳሰሰች። አጣቢዋ እጅ ላይ ያለውን ነጭ አየች። ቀጥሎ በሩ ላይ ያለውን ሰው አየች። አራት ቀን ሙሉ ለምን ጀርባውን እንዳየች ያኔ ገባት።

ደወሉ ተደወለ።

ሌሎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እሷ ወደ በሩ ሄደች። ሳምንት ያልሠራ ድምፅ ስለሆነ ሻክሮ ወጣ፤ «አንተ» ብላ ጀመረችው፣ ያለ ምንም መግቢያ።

«አንተ፣ መጽሐፌ ገና መጭመቂያው ውስጥ ነው። ሙጫው ሳይደርቅ ነው የምትሄደው?»

ደጓሹ ያ ሁሉ ወሬው የት እንደገባ ጠፋው። «ሁለት ቀን ይፈልጋል» አለ በመጨረሻ።

«እኔ አምስት ወር አለኝ።»

ሻንጣው መሬት ተቀመጠ። «እኔኮ ልትመነኩሺ የመጣሽ መስሎኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ የጠላኸኝ መስሎኝ ነው። መሐረቤ በእጥበት አለቀ።»

ዝም ብለው ተያዩ። ይኼኛውን ዝምታ ማንም አላዘዛቸውም።

«ሸሚዞቼስ እማማ?» አለ ደጓሹ፣ ዓይኑን ከልጅቷ ሳያነሳ።

«መቼ ነከርኳቸውና» አለች አጣቢዋ።

መዝጋቢው መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ ቀረበ። «አይ እማማ» አለ፣ «ማን አውቆ፣ ማን ገምቶ። ምነው ታዲያ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?»

አጣቢዋ ነጩን ሻሽ አጠፈች። ጥንድ አደረገችው፣ እንደገና ጥንድ አደረገችው፣ ብብቷ ሥር አስገባችው።

«መዝገብህን ክፈት» አለችው። «ብዕርም አውጣ። 'አጣቢዋ በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች፣ አልሰማኋትም' ብለህ ጻፍ። አሳጥረህ እንዳትጽፍ። ስትጨርስ ይቺ ልጅ ጮክ ብላ ታንብብልኝ፤ አንተን አላምንህም።»