ቮልሷ ውስጥ ያነጠሰው ማነው?

መብራት ሄደ? ይሂድ። ሻማውንም አጥፉት። ጠጋ ጠጋ በሉ። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ነው የሚወራው።

ሰዓቱ ስንት ነበር? እኩለ ሌሊት መሰላችሁ? አይደለም። ቀትር ነው። ጥላ ከእግር ሥር የሚገባበት፣ ወፍ እንኳ ዝም የሚልበት ቀትር። አባቶቻችን በቀትር ወንዝ ዳር ብቻህን አትሂድ የሚሉት ለምን ይመስላችኋል? ቆዩ፤ ትሰማላችሁ።

መንገዱ ጭር ያለ ፒስታ ነው። ከአንዱ ከተማ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ወደ ማዶው ከተማ ይወጣል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። ቢተው ይባላል። የድሮ መኪና እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው። የሚነዳው ሰማያዊ ቮልስ ነው። የቮልስ ሞተር የት ነው ያለው? ከኋላ! ጎሽ። ከፊትስ? ትርፍ ጎማ፣ የቤንዚን ታንክና የፍሬን ዘይት፤ ሌላ ምንም የለም። ይቺን ያዙልኝ።

ቮልሷ የጋሽ ፍሬሰንበት ነበረች። ጋሽ ፍሬሰንበት ዕድሜ ልካቸውን ነድተዋት ሞቱ። ሚስታቸው ወይዘሮ አልታዬ ለቢተው ሲሸጡለት ምን አሉት?

"ልጄ፣ ፍሬኗ አይይዝም። ሳታሠራት ለሰው እንዳትሰጥ፤ አደራ።"

"ኧረ እማማ! እኔ አደራ በላ ነኝ እንዴ?" አለ ቢተው።

አሠራት? አላሠራትም። ቀለም ቀባት። ፍሬኗ አንዴ ሲረገጥ አይይዝም። ሁለቴ ሲረገጥ ይይዝ ይሆናል። ለቢተው ይኼ በቃው።

ወንዙ ዳር አቆማት። እንድታብረቀርቅ አጠባት። ከዚያ ተመልሶ ገባና ማዶው ከተማ ለሚጠብቀው ገዢ የሚለውን ተለማመደ።

"ሞተሯ ያልተፈታ!" አለ። ጸጥ።

"አንድ ሰው ብቻ የነዳት!" ጸጥ።

"ቀለሟ የፋብሪካ!"

ኳ!

ከየት? ከፊት። ከፊት ሞተር አለ እንዴ? የለም! ቢተው ወርዶ ክዳኑን ከፈተ። ጎማው አለ። ታንኩ አለ። ዘይቱ አለ። ሌላ ምንም። ዘጋው። ተመልሶ ገባ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፍሬኗማ ምላጭ ነው!"

ኳ! ኳ! ኳ!

ከዚያ ከጎኑ ያለው ወንበር ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ፣ ልክ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ከዚያ ሽታ መጣ። የምን ሽታ? የሱረት። ጋሽ ፍሬሰንበት በሕይወት ሳሉ በአፍንጫቸው የሚስቡት የዚያ ሱረት። ከዚያስ?

"እንጥሽ!"

አፍ ከለመደ ምን ይደረጋል! ቢተው ሳያስበው "ይማርህ" አለ።

"ያኑርህ" አለው ወንበሩ።

ያኑርህ! ማን ማንን ነው የሚመርቀው? ቢተው በሩን በርግዶ ወጣ። ሮጠ። ዞር ሲል ምን ያያል? ቮልሷ ወደ ወንዙ እየተንከባለለች ነው! ሮጦ ተመለሰ፣ ዘሎ ገባ፣ ረገጠ። አልያዘም።

"ሁለቴ ነው እንጂ፣ አንተ ጅል!" አለ ድምፁ። "ደግሞ 'ይማርህ' ትለኛለህ? አባትህ እሆናለሁ እኮ! ይማርዎት ነው የሚባለው!"

"ይ... ይማርዎት!" ሁለቴ ረገጠ። ቆመች። የፊት ጎማዋ ውሃ ነክቷል።

"የሚስቴን አደራ የት አደረስከው?" አሉት ጋሽ ፍሬሰንበት።

ቢተውስ? የቀትር ነገር በቀትር ይቀራል ብሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ነዳት።

ገዢው ሸዋንግዛው የሚባል ወጣት አስተማሪ ነው። ሚስቱ አስካለ ደጃፉ ላይ በበርጩማ ተቀምጣለች። እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። ጤና ጣቢያው የት ነው? ከቁልቁለቱ ሥር። ቁልቁለቱስ? ፍየል እንኳ ተቀምጣ የምትወርደው ነው።

"ወንድሜ ቢተው፣" አለ ሸዋንግዛው፣ "እኔ መንዳቱን እችላለሁ እንጂ ስለ መኪና የማውቀው መሪው ክብ መሆኑን ነው። አንተን አምኜ ነው የምገዛው።"

"እመነኝ! ሞተሯ ያልተፈታ! አንድ ሰው ብቻ የነዳት! ቀለሟ የፋብሪካ..."

"እንጥሽ!" ከፊት፣ ከክዳኑ ሥር።

"ይማርህ" አለች አስካለ።

"ያኑርሽ፣ የኔ ልጅ።"

አስካለ ቢተውን አየችው። አፉ አልተንቀሳቀሰም። "አንተ ሰውዬ፣ በሆድህ ነው እንዴ የምትናገረው?"

"ጉ... ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"አንተን ወይስ መኪናዋን?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሆዷን ያዘች። ሳቋ ቆመ። "ሸዋ... ምጥ ነው መሰለኝ።"

ያን ጊዜ ማን ስለ ዋጋ ያወራል? ሸዋንግዛው ደግፎ ከኋላ አስገባት፣ ከመሪው ፊት ዘሎ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሯ ወዲያው ተነሳ። ቢተው በመስኮቱ አየ። ከአስካለ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ቢተውን አላዩትም። የሚያዩት የአስካለን ሆድ ነው።

ዝም ቢል መኪናዋ ተሸጠች። ዝም አለ? ዘሎ ክዳኑ ላይ ተዘረጋ!

"ውረዱ! ፍሬኗ አይይዝም! አውቅ ነበር! ውረዱ!"

ቃሬዛ መጣ። ስንት ሰው ይሸከመዋል? አራት። ስንት ሰው አለ? ሸዋንግዛው፣ ቢተውና አንድ ጎረቤት። አራተኛውን ጫፍ ማን ያዘው? ማንም አልያዘውም! ግን ተነሳ። ከሌሎቹ እኩል ተነሳ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ በዚያ በኩል ሱረት ይሸት ነበር።

ልጁ በሰላም ተወለደ። አለቀሰ። ስሙኝ፤ አለቀሰ። ከዚያ የሚበልጥ ድምፅ የለም።

ሸዋንግዛው ደጅ ወጥቶ ቢተውን ያዘው። "ያልከኝ ሁሉ ውሸት ነው?"

"ቀለሙም ውሸት ነው። ሞተሯ ግን ያልተፈታ ነው። አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳት።"

ቢተው ጆሮውን አቆመ። ጸጥ። ማንም አላነጠሰም።

"አሠራትና አምጣት፤ እገዛታለሁ" አለ ሸዋንግዛው። "አሁን ነው ያመንኩህ።"

በማግስቱ አሠራት። ሸጠለት። ከዚያ ወዲያ ቢተው አንዴ እንኳ ሲዋሽ አልተሰማም፤ አፉን ከከፈተ በኋላ ትንሽ ቆም እያለ ያዳምጥ ነበር አሉ።

እናንተም ብቻችሁን አትሂዱ። ብቻችሁን ከሄዳችሁም አትዋሹ።

ቮልሷስ የት ናት? ሸዋንግዛው ለሌላ ሸጣት፣ ያም ለሌላ። አሁን ውጭ፣ ዛፉ ሥር ቆማለች። ማታ የመጣሁባት እሷ ናት። ልሸጣት አስቤያለሁ። ገዢ አለ? ሞተሯ ያልተፈታ ነው። ቀለሟም የፋብሪካ...

"እንጥሽ!"

ማነው? ከእናንተ ማንም አላነጠሰም? ዝም በሉ። "ይማርህ" እንዳትሉ። እንዳትሉ አልኩ! አሁን "ይማርህ" ያለው ማነው?

"ያኑርህ።"