ሊሳንድሮ የደበቀው

ሮሲዮ የፋይናንስ ትምህርት ክፍሉን በር የከፈተችው ለጠብ ነበር።

ማኒሳሌስ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲያቸው የትምህርት ክፍሎቹ ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበር፤ ተራ ይያዝበታል። ሮሲዮ ለዶክትሬት ጥናቷ ሳምንቱን ሙሉ ስታሠራው የሰነበተችው ስሌት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ሰው ሌላ ግዙፍ ሥራ ጭኖ ማሽኑን ቀጥ አደረገው። የእሷም ስሌት ሳያልቅ ከንቱ ቀረ።

«ሊሳንድሮ የሚባለው ማነው?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

መስኮት ሥር የተቀመጠ ቀጭን ወጣት መምህር እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። አፉን በአይብ ዳቦ ሞልቶት ስለነበር መናገር አልቻለም።

«ይዋጡት። እጠብቃለሁ።»

ዋጠ። «ምን አጠፋሁ?»

«ሳምንቴን ነው ያጠፉት!»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። ሰበብ አልደረደረም። «ይስደቡኝ፣ ይቀለኛል» አላት።

«ልሳደብ ነበር የመጣሁት፤ አገጭዎ ላይ ያለው ፍርፋሪ አበላሸብኝ እንጂ» አለችና፣ ሳትፈልግ ሳቀች።

ሊሳንድሮ ያን ያህል ማሽኑን ያስጨነቀው ምን እንደሆነ አሳያት። አንድ የገበሬዎች የቁጠባ ማኅበር በሚሰጠው ድጋፍ፣ ካለፉት ዓመታት ብድሮች እየተማረ የትኛው ገበሬ ብድሩን እንደሚመልስ የሚገምት ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስሌቱ ግን እንደ ኤሊ ይጎተታል። ሮሲዮ ወረቀቱን ከፊቱ ሳበችው።

«ዛሬም ይሄን በዚህ መንገድ የሚያሰላ ሰው አለ እንዴ?»

«አለ። አጠገብዎ ተቀምጧል።»

እርሳሱን ከእጁ ወሰደች። ሊሳንድሮ ወረቀቱን ማየት ትቶ እሷን ማየት የጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ አብረው መሥራት ጀመሩ። እሷ ለጥናቷ የፈለሰፈችው አቋራጭ መንገድ በእሱ ፕሮግራም ላይ ነፍስ ዘራበት፤ ቀናት ይፈጅ የነበረው ስሌት ምሳ በልተው ሲመለሱ አልቆ ይጠብቃቸው ጀመር። ሁለቱ ግን እንደዚያ አልፈጠኑም። ወራት አልፈውም «እርስዎ» ይባባሉ ነበር።

አንድ ዝናባማ ቀን በብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥላ በምትሄደው የከተማዋ ማመላለሻ ሲወርዱ ጉም ዋጣቸው፤ ማመላለሻዋም መንገድ ላይ ቆመች። ወደ ታች ቢያዩ ነጭ፣ ወደ ላይ ቢያዩ ነጭ። ሮሲዮ ከፍታ ትፈራ ስለነበር የያዘችው የእሱን እጅ መሆኑን ዘግይታ ነው ያወቀችው።

«እጅሽ በርዷል» አለ፤ ከዚያ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ እጅዎ ማለቴ...»

«‹እጅሽ› ይሻላል» አለች። እጇንም አልመለሰችም። ማመላለሻዋ ተንቀሳቅሳ እስክትወርድ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ።

ለፋሲካ ወደ ሳን ኢላሪዮ ይዛው ሄደች። አባቷ ዶን ኤቬሊዮ በዚያ ተራራ ላይ ባለች ከተማ የዚያው የቁጠባ ማኅበር ብድር ገምጋሚ ነበሩ። በጂፕ ከአንዱ ቡና አምራች ወደ ሌላው እየዞሩ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጥሬ የአገዳ ስኳር የፈላ የፓኔላ ሻይ እየጠጡ፣ ለማን እንደሚበደር ለማን እንደማይበደር ሲወስኑ ነው ያረጁት። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱን የሚያሞቀው የእሳቸው ጨዋታ ብቻ ነበር።

«አንተ ዶክተር፣ ብላ እንጂ! ሒሳብ ሥጋ አይሆንህም!» እያሉ በሙዝ ቅጠል ታስሮ የበሰለውን ታማል፣ የበቆሎ ሊጥና ሥጋውን፣ ሳህኑ ላይ ይከምሩበታል።

ሊሳንድሮም ይስቃል፣ ይበላል። ሮሲዮ ሁለቱን እያየች ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር።

«እና ይሄ ፕሮግራማችሁ» አሉ ዶን ኤቬሊዮ እጃቸውን እየጠረጉ፣ «አንድ ቀን እኔን ይተካኛል ማለት ነው?»

«አንተን ደግሞ ማን ይተካሃል አባዬ!» አለች ሮሲዮ።

አባትና ልጅ ተሳሳቁ። ሊሳንድሮ ሳህኑን አየ። ሮሲዮ ዝምታውን አስተውላዋለች፤ የእንግዳ ዓይን አፋርነት መሰላት።

ነሐሴ ላይ ዶን ኤቬሊዮ ደወሉላት። ድምፃቸው ቀልድ ለማስመሰል ይታገል ነበር። «ልጄ፣ እንግዲህ ሥራ ፈት ሆኛለሁ። ሁላችንንም ነው ያሰናበቱን። የናንተ ማሽን ከእኔ ያነሰ ይሳሳታል አሉኝ።» ቀጥለውም «እውነት ሳይሆን አይቀርም» አሉ።

ሮሲዮ ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ፋይናንስ ክፍል ሄደች። ሊሳንድሮ ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ፤ ሳትናገር ገብቶታል።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ወንበሩን ወደ እሷ ገፋላት።

«ሊሳንድሮ።»

«ከፋሲካ በፊት።»

ግድግዳውን ተደገፈች። «ቤታችን ስትመጣ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«አባዬ ሲጠይቅህም።»

«ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜያለሁ ሮሲዮ። ባወራ ማኅበሩ ለጥናቱ የሚሰጠው ድጋፍ ይቆማል፤ ያንቺም ዶክትሬት አብሮ ይቆማል። ቢያንስ ሳን ኢላሪዮን ተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉኝ። ደግሞም...»

«ደግሞ ምን?»

«ካወቅሽ እንደምትሄጂ ገብቶኝ ነበር። ትንሽ ጊዜ ፈለግኩ፤ ከአንቺ ጋር ትንሽ ትርፍ ጊዜ።»

«እንግዲህ አገኘኸው» ብላው ወጣች።

ሮሲዮ እሱን ብቻ መጥላት ብትችል ይቀላት ነበር። ግን ያ ፕሮግራም ያለእሷ አቋራጭ መንገድ እግር አልነበረውም፤ እየተጎተተ ይሞት ነበር። አባቷን ከወንበራቸው ያስነሳው የእሷም እጅ ነው። ሊሳንድሮን ይቅር ብትል ራሷንም ይቅር ያለች መሰላት፤ ያንን ደግሞ አቃታት።

ወደ ሳን ኢላሪዮ ሄዳ ከአባቷ ጋር ተቀመጠች። አንድ ቅዳሜ ሊሳንድሮ መጣ። ሰው የሚያመላልሰው ጂፕ አደባባይ ላይ ጥሎት፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። ሮሲዮ መኝታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከሳንቃው ማዶ አባቷ ወንበር ሲስቡለት ሰማች፤ ከዚያ የሊሳንድሮን ድምፅ፣ ቃሉ የማይለይ፣ የተቆራረጠ። ማልቀሱን አባቷ አልነገሯትም፤ እሷ ግን አወቀች።

ከቆይታ በኋላ ሸኝተውት ተመለሱ። በሩን ከፍተው ገቡና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሄደ» አሉ።

«ምን አለ?»

«ትበላለች ወይ አለኝ። ሌላውን ለእኔ ነው የተናገረው። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ማዕዳችን ላይ ተቀምጦ እያወቀ ነው የበላው አባዬ።»

«ፈርቶ ነው። ፈሪ እንጂ ክፉ አይደለም ልጁ።» ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ። «እኔ ያጣሁት ሥራ ነው ልጄ። አንቺ ምን እያጣሽ እንደሆነ ይታወቅሻል?»

ይታወቃት ነበር። ቢሆንም አልተነሳችም።

በዓመቱ መጨረሻ ሊሳንድሮ ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሄደ።

ሮሲዮ የዶክትሬት ጥናቷን በፈታኞች ፊት የተከላከለችው በተከታዩ ዓመት ነው። አንዱ ምዕራፍ የሁለቱም ስለነበር፣ ደንቡ ሊሳንድሮም እንዲገኝ ያስገድድ ነበር፤ ከሞንቴሬይ በቪዲዮ ገባ። ግድግዳው ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን ከስቶ ታየ። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ሁለቱም «እርስዎ» ተባባሉ። ከዚያ ፈታኞቹ ሊመክሩ ወጡ፤ እንግዶቹም ኮሪደር ላይ ቡና ሊቀምሱ ወጡ። ስክሪኑን መዝጋት ማንም አላስታወሰም።

ባዶው አዳራሽ ውስጥ እሷና የእሱ ፊት ብቻ ቀሩ።

«ሮሲዮ።»

«አቤት።»

«ዶን ኤቬሊዮ እንዴት ናቸው?»

«ዶሮ ያረባል። ጎረቤት ሲሰበሰብ ይስቃል። ብቻውን ሲሆን ግን አይስቅም።»

ጎንበስ አለ። በስተጀርባው ባለ መስኮት የማታውቀው ከተማ ፀሐይ ይገባል።

«ያን ቅዳሜ ከክፍልሽ ብትወጪ ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

«እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር» አለችው። «እስክትሄድ ድረስ እጀታው ላይ ነበር።»

ሊሳንድሮ ቀና ብሎ አያት። እንዲሁ ተያዩ።

የኮሪደሩ በር ተከፈተ። ፈታኞቹ ተመለሱ፤ አባቷ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከኋላ ገቡ። አብሯቸው የገባው የአዳራሹ ቴክኒሻን ጫጫታውን ሲሰማ የስክሪኑን ድምፅ ዘጋው። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ውጤቷን በክብር አወጁ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሮሲዮ አባቷን አቅፋ፣ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ወደ ግድግዳው አየች። ሊሳንድሮ ያጨበጭባል። እጆቹ ሲገናኙ ይታያል እንጂ አይሰማም። ሰዉ ማጨብጨብ ሲያቆም እሱ አላቆመም፤ ቴክኒሻኑ ገመዱን እስኪነቅል ድረስ።