ከመንገድ ዳር ያልታየው ውድድር

አዛውንቱ አሰልጣኝ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ተገድለው ተገኙ። ከፊታቸው ያለው ቴሌቪዥን የብስክሌቱን ውድድር መጨረሻ ያሳያል። ደም የነካው የጎማ መፍቻ እግራቸው ሥር ወድቋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሹፌሩን፣ የሟቹን የልጅ ባል፣ በካቴና አስረውታል። መፍቻው የእሱ ነው፤ የሚኒባሱም ቁልፍ በኪሱ ነው። ጠዋት ደግሞ ከአማቱ ጋር ተጨቃጭቋል። ይህን የነገራቸው ማን ይመስላችኋል? የገዛ ሚስቱ! አባቷን ባጣችበት ቀን ባሏንም ልታጣ ነው፤ ያም ሆኖ «እሱ ነው» የሚል ቃል ከአፏ ወጣ።

«ሬሳ አይቸኩልም፤ እኛን ምን አስቸኮለን?» አለች መርማሪዋ፤ ሹፌሩን፣ ሚስቱንና አብሯቸው የመጡትን የሟቹን ጓደኛ በየተራ አነጋገረች።

የአሰልጣኙ ወንድ ልጅ በብስክሌት ውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ አራቱም በየዓመቱ እዚህ ይመጣሉ። በአቋራጭ እየቀደሙ፣ ተወዳዳሪዎቹን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ያያሉ። ዛሬ አሰልጣኙ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከኮረብታው ግርጌ በቆመው ሚኒባስ ውስጥ ቴሌቪዥን ሊያዩ ቀሩ። ሌሎቹ ወደ ላይ ወጡ፤ ሕዝቡ መካከልም ተጠፋፉ።

ልጅቱ አንገቷን አስግጋ ስትጠብቅ ውላ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሽው ብለው አለፉባት፤ በቃ። ማን እንደሚመራ አባቷን ልትጠይቅ ብትደውል ስልኩ አልሠራ አላት። ባሏ ደግሞ ከፊቱ የቆመው ሰው ባርኔጣ ጋርዶት ምንም አለማየቱን እያፈረ ተናገረ። ፖሊሶቹ በዚህ ሳቁበት። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ምንም አላየሁም የሚልን ማን ያምነዋል?

ሦስተኛው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ የሟቹን ልጅ ብስክሌት ይጠግኑ የነበሩት መካኒክ ናቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ነገሩን አሳምረው አወሩት። «ቢጫ ለባሹ ድልድዩ ላይ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሁለቱ ሊከተሉት ሲሉ መታጠፊያው ላይ ተጋጭተው ወደቁ። ከኮረብታው ላይ ሆኜ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ኮረብታውን በእግሯ ወጣች። መካኒኩ ቆምኩበት ካሉት ቦታ የሚታየው አጭር የመንገድ ቁራጭ ነው፤ ድልድዩም መታጠፊያውም ከዛፎቹ ጀርባ ናቸው። ወንበራቸውን የሚያጥፉ ተመልካቾችን ስለ ወደቁት ጠየቀቻቸው። ሰው መውደቁን የሰሙት ገና ከሷ ነው። ስልኳን አወጣች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ስትመለስ ሁሉንም ሚኒባሱ አጠገብ ሰበሰበች።

«እዚያ የቆመ ሰው የሚያየው የሚያልፍ ንፋስ ነው» አለች። «ማን የት እንደወደቀ የሚያውቀው ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ያዩትን ከኮረብታው ማንም አላየም። ከዚህ ወንበር ግን ይታያል።»

«ቁልፉስ?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ቁልፍ ምን ያደርጋል? ከውስጥ የከፈቱላቸው ሟቹ ናቸው፤ መፍቻውም እዚሁ ውስጥ ነበር። ለጓደኛ በር የማይከፍት ማን አለ?»

ምስኪን ሽማግሌ! እንደ ሹፌሩ «አላየሁም» ቢሉ ኖሮ ማን ይጠረጥራቸው ነበር? ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጅቱን ማየት አቃታቸው።

«ትቼው መውጣት አልሆነልኝም፤ ተመልሼ አብሬው ተቀመጥሁ» አሉ። «ሁለቱ ሲወድቁ ልጁን አስታውሶ አለቀሰ። ሆዴ አልችል አለኝ። ‹ያኔ የብስክሌቱን የፊት ጎማ የሚይዘው ብረት መሰንጠቁን እያወቅሁ ነው ልጅህን ለውድድር ያስወጣሁት› አልሁት። ‹ለልጄ እነግራታለሁ› አለ። ይቺ ልጅ አባባ ነው የምትለኝ። እሷ እንዳትሰማ ብዬ…»

ልጅቱ ወንድሟንም አባቷንም የቀማትን ሰው ፈዝዛ ታየው ነበር።

ካቴናው ከሹፌሩ እጅ ወጥቶ በሽማግሌው እጅ ገባ። ያን ጊዜ ነው ባሏ ትዝ ያላት። እየሮጠች ሄዳ ክንዱን ያዘችው። እሱ በቀስታ እጇን ከክንዱ ላይ አነሳ።

«እነሱስ አያውቁኝም» አላት። «አንቺስ?»

 እሱም ከሚበተነው ሕዝብ ጋር መንገዱን ይዞ ሄደ።