ያልተቀረጸው ትሮምቦን

ፍቅር አንዳንዱን ምግብ ያስጠላዋል፣ አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሳዋል። የድምፅ ባለሙያዋን ግን ሥራዋን አስረሳት።

አባቷ ጡረታ ወጥቶ ስቱዲዮውን ካስረከባት ወዲህ ብቻዋን የምትቀርጸው የመጀመሪያ አልበም ነበር። አልበሙ ሃርድ ቦፕ በሚባለው ብርቱ የጃዝ ስልት የተሠራ ነው፤ ሙዚቀኞቹ አምስት ናቸው፣ መሪያቸው ደግሞ ዝምተኛው ትሮምቦን ነፊ። የመሣሪያውን ረጅም ክንድ በዘረጋ ቁጥር ማይክሮፎኑን ሊገጭ ይደርሳል፤ እሷም ከመስታወቱ ማዶ በእጇ «ትንሽ ወደኋላ» ትለዋለች። እሱም እያፈረ ይስቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ጨዋታቸው ይኸው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የመጨረሻውን ዜማ ሲጀምሩ ትሮምቦን ነፊው ቀና ብሎ አያት። ከበሮው ተንደረደረ፣ ትሮምቦኑ ተከተለ፤ መጀመሪያ እንደ ተቆጣ ሰው፣ ቀጥሎ እንደሚለማመጥ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ሲጨርሱ ድራመሩ «በቃ! ከዚህ በላይ የለም!» ብሎ ጮኸ።

ዓይኗን ስትገልጥ ማሽኑ ሲቀርጽ የሚበራው ቀይ መብራት አልበራም። የመቅረጫውን ቁልፍ ጭራሽ አልተጫነችውም። ክው አለች።

ሊጠይቃት የመጣው አባቷ ከኋላዋ ተቀምጦ ነበር። ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው።

«ማሽኑ ነው በይ፣ ልጄ» አላት በሹክሹክታ። «አርጅቷል፤ ማንም ያምንሻል።»

ማሽኑ ምን በደለ? ስንቅና ውሸት ደግሞ እያደር ይቀላል። ከዚህ ሰው ጋር ትውውቋ በውሸት እንዲጀመር አልፈለገችም። በሩን ከፍታ ወደ ሙዚቀኞቹ ክፍል ገባች።

«አልቀረጽኩትም» አለችው ትሮምቦን ነፊውን። «ማሽኑ ደህና ነው። አንተን እየሰማሁ ቁልፉን መጫን ረሳሁ።»

ፒያኒስቱ ራሱን ያዘ። ድራመሩ «እናትዬ፣ ገደልሽን እኮ!» አለ። ትሮምቦን ነፊው ሁለት ቀን ሲነፋ ያበጠ ከንፈሩን በጣቱ ዳሰሰ።

«ምን እንደነፋሁ እኔም አላስታውስም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺስ?»

«ሁሉንም።»

«እስቲ በይልኝ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በአፏ አዜመችለት። እሱ መሬት መሬቱን እያየ አዳመጠ፤ ስትጨርስ መሣሪያውን አነሳ። ሮጣ ሄዳ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አረጋግጣ ተጫነች። ከንፈሩ ስለደከመ በዝግታ ነፋው፤ ቁጣው ወጥቶ ልመናው ብቻ ቀረ። ዓይኑንም ከእሷ ላይ አልነቀለም።

ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ወደ እሷ መጣ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው።

«ለምኑ? እስከ ዛሬ ሰው ያጨበጭብልኛል እንጂ እንዲህ የሚሰማኝ እንዳለ አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ የማስቀርጸው ነገር የለኝም። ብመጣስ?»

«ና» አለችው። «ትሮምቦኑን ግን እቤት ተወው። ስታወራ ልስማህ።»

መጣ። ያ ዝምተኛ ሲያወራ ዋለ፤ ዓመቱ ሳይሞላም ተጋቡ።

አልበሙን የሰማ ሁሉ ያንን የመጨረሻ ዜማ ያደንቅለታል። እሱ ግን ምስጋናውን ተቀብሎ አያውቅም።

«እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል። «ሚስቴ ያለችውን ነው የነፋሁት።»