የግራው ጫማ ጠርዝ

«ግራ እግርሽን ያምሻል?» አሉ አሰልጣኝ ጫሊ።

ዙሀይራ በካልሲ ሣሩ ላይ ቆማለች። አሰልጣኙ ጫማዎቹን ገልብጠው ሶላቸውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። የቀኙ መሀሉ ላይ ትንሽ ከመሳሳቱ በቀር ደህና ነው። የግራው ግን በውጭው ጠርዝ በኩል ተበልቶ፣ ጥቁሩ ጎማ አልቆ፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ስፖንጅ ብቅ ብሏል።

«አየሽ? እዚህ ጋ። ሰው እንዲህ የሚረግጠው የሚሸሸው ሕመም ሲኖር ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጉሙ ገና ከሜዳው ላይ አልተነሳም። ሌሎቹ ልጆች ከጎሉ አጠገብ ሰውነታቸውን እያፍታቱ ነው። ከዙሀይራ ጀርባ ፈይሩዝ በርከክ ብላ፣ የታሰረውን የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና ታስራለች። ቀና አላለችም።

«አያመኝም» አለች ዙሀይራ። እውነቷን ነበር።

አሰልጣኙ ቁጭ አሉና የግራ ቅልጥሟን ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን እያደረጉ ነኩት። ዙሀይራ ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም፤ የሚያማት ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥርስሽን ነክሰሽ ነው። አውቅሻለሁ እኮ። አንቺ ብትደብቂኝ ጫማው ይነግረኛል። በቃ፣ ቅዳሜ አትሮጪም።»

ቅዳሜ ማጣሪያው ነው። ዓመቱን ሙሉ በብርድ ሲነሱ የከረሙት ለዚያ ነበር። ከማሰልጠኛ ማዕከሉ መልማዮች ይመጣሉ፤ ከክለቡ የተመረጡ ልጆች እዚያ ገብተው እየተማሩ ይሠለጥናሉ። ዙሀይራ ልትናገር የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እንደማትናገር በአላህ ስም ምላለች።

ጫማው ከአዲስ አበባ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የላኩት አቶ መሸሻ የሚባሉ፣ ድሮ እዚሁ ሮቤ ሜዳ ላይ ሮጠው ያደጉ፣ አሁን የስፖርት ዕቃ የሚያስመጡ ሰው ናቸው። ለዘወትር ልምምድ የተሠራ፣ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ አዲስ ጫማ ነው አሉ። አንዲት ልጅ በእናንተ መንገድ፣ በእናንተ ጭቃ፣ በእናንተ ብርድ ትሩጥበትና ያየችውን ሳትደብቅ ትንገረኝ፤ የሚረባ ከሆነ ለሁሉም ልጆች እልካለሁ ብለው ነበር። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ነበር። በክለቡ ውስጥ ሠላሳ ስምንት የሚያደርጉት ዙሀይራና ፈይሩዝ ብቻ ናቸው። አሰልጣኙ አረጋገጧ የተስተካከለ ነው ብለው ዙሀይራን መረጡ።

መጀመሪያ ስታደርገው ፍራሽ ላይ የቆመች መስሏት ሳቀች። የጎባን አስፋልት ይዛ ወጥታ ቁልቁል ስትመለስ፣ ሁልጊዜ ጉልበቷን የሚነርታት ነገር ጠፋ። በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ያለወትሮዋ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ከዝናብ በኋላ በስንዴው ማሳ መሀል ባለው መንገድ ስትሮጥ ግን ሌላ ጫማ ሆነ። ጥቁሩ ጭቃ ሶሉ ላይ ተለጥፎ እግሯን እንደ ድንጋይ አከበደው። ትራክተር የቦረቦረው ቦታ ላይ ደግሞ የሶሉ ከፍታ አላመች ብሏት ቁርጭምጭሚቷ ሊታጠፍ ለትንሽ ተረፈ። ስፖንጁ አንዴ ውኃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም። ይህን ሁሉ ለአቶ መሸሻ ልትነግር በልቧ ይዛው ነበር።

ፈይሩዝ ጫማውን የሞከረችው ለቀልድ ያህል ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «አምጪው ባክሽ፣ እኔም ፏ ልበልበት» ብላ ተቀበለቻትና እስከ መስጊዱ ጥግ ሮጣ ተመለሰች። ስትመለስ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ግን ቀልድ አልነበረም።

«ዙሁ፣ ወላሂ አላመመኝም።»

«ምኑ?»

ያን ጊዜ ነው ሱሪዋን ሰብስባ ያሳየቻት። ግራ ቅልጥሟ ላይ፣ በአንድ ጣት የሚሸፈን ቦታ። ሲነኩት ትዘላለች። ከበጋ ጀምሮ እንደሚያማት፣ ሌሊት ሌሊት እንደሚጠዘጥዛት፣ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረቻት። ጠዋት ከክለቡ ጋር በራሷ ስስ ጫማ ስትሮጥ ሕመሙን ለመሸሽ እግሯን ወደ ውጭ ጣል ታደርጋለች። በዚህ ለስላሳ ጫማ ግን ሕመሙ ርቆ፣ እንደ ጎረቤት ጩኸት ከግድግዳ ወዲያ ይሆንላታል፤ እግሯ ግን ወደ ውጭ የመርገጥ ልማዱን አልተወም።

«ለአሰልጣኝ እንንገራቸው» አለች ዙሀይራ።

«አብደሻል? ያስቀምጡኛል። አባዬ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ።»

ዙሀይራ ታውቃለች። የፈይሩዝ አባት ኦቦ አብዲ እህል ነጋዴ ናቸው። ሴት ልጅ በየማለዳው መንገድ ለመንገድ ስትሮጥ ማየት አይወዱም፤ ቢሆንም ይህን ዓመት ታገሷት። ከተመረጠች ትሂድ። ካልተመረጠች ግን ጊኒር ከተማ አክስቷ ጋ ሄዳ ሱቅ ትረዳለች፤ ትምህርቱም እዚያው ሲመቻት ይታያል። «ሲመቻት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል። የፈይሩዝ ታላቅ እህትም ጊኒር የሄደችው እንዲህ ተብላ ነው፤ ወደ ትምህርት ግን አልተመለሰችም።

ስለዚህ ዙሀይራ ማለች። ጫማውን ጠዋት ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት ከሰዓት ፈይሩዝ እያደረጉት ከረሙ። ከሰዓት በኋላ መሮጥ በአሰልጣኙ የተከለከለ ነው። ፈይሩዝ ግን በጠዋቱ ልምምድ ወደኋላ የቀረችውን በዚያ ልትሞላው ፈለገች።

በዚያ ጠዋት አሰልጣኙ ጫማውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ልጆች ከሜዳው እስከ ዋናው መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። ባጃጆች እየጮሁ ያልፏቸዋል።

«እና እኔስ?» አለች ዙሀይራ በመጨረሻ።

ፈይሩዝ ቆመች። «አውቃለሁ። ወላሂ አውቃለሁ። ግን አንቺ የሚመጣው ዓመት አለሽ። እናትሽ ሩጪ ነው የምትልሽ። እኔ ቅዳሜ ብቻ ናት ያለችኝ።»

«አሁን ጫማውም የለም እኮ። በዚያ በስሱ ጫማ በዚያ እግር እንዴት ልትሮጪ ነው?»

«አንድ ቀን ነው። ጥርሴን ነክሼ እጨርሰዋለሁ። ከተመረጥኩ በኋላ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ እንዳልሆንሽም እነግራቸዋለሁ።»

«ቢሰበርስ?»

«አታካብጂው አቦ! ቅልጥም እንዲሁ አይሰበርም።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ዙሁ፣ ምለሻል።»

ፈይሩዝ ልክ አይደለችም፤ ግን የተናገረችው አንዱም ውሸት አልነበረም። ዙሀይራ የሚመጣው ዓመት አላት። ብትናገር ጓደኛዋን በገዛ እጇ ጊኒር ትልካታለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ምን እንደሚመጣ እያየች ትጠብቃለች። እስከ ቅዳሜ ያሉትን ሌሊቶች እየተገላበጠች አነጋቻቸው። እናቷ «ምን ሆነሻል?» ስትላት «ፈተና ነው» አለቻት።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ከጎባ በላይ ያለው ተራራ እስከ ጫፉ ይታያል። ዙሀይራ የልጆቹን ጃኬት እንድትይዝ ተነግሯት ከመነሻው መስመር አጠገብ ቆመች። መልማዮቹ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ማንም ያልጠበቃቸው ሰው ቆመዋል፤ ኦቦ አብዲ፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሁለት የገበያ ጓደኞቻቸውን አስከትለው። አንደኛውን በክርናቸው ነካ አድርገው ወደ ፈይሩዝ ጠቆሙት። እየሳቁ ነበር። ዙሀይራ ኦቦ አብዲ በልጃቸው ሲኮሩ አይታ አታውቅም።

ፈይሩዝ ጃኬቷን አምጥታ ሰጠቻት።

«አባዬን አየሽው?» አለች በሹክሹክታ።

«አየሁት።»

«ዱዓ አድርጊልኝ።»

ለማሟሟቅ ቦታ ላይ መዝለል ጀመሩ። ፈይሩዝ ዘለለች፤ በግራ እግሯ ስታርፍ ፊቷ ከምኔው አመድ መሰለ። ወዲያው ፈገግ አለች። ያንን ያየችው ዙሀይራ ብቻ ናት። አሰልጣኙ ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ዙሀይራ እግሮቿ መቼ እንደተነሱ አላወቀችም። ጃኬቶቹን እንደታቀፈች አሰልጣኙ አጠገብ ደረሰች።

«አሰልጣኝ… በዚያ ጫማ የሮጥኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ስም አልጠራችም። አሰልጣኝ ጫሊ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ልጆቹ እግር ወርዶ፣ አንዱን ከአንዱ እያለፈ ሄዶ፣ ፈይሩዝ ላይ ቆመ። ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ።

«ፈይሩዝ፣ ኮቱ፣ ነይ እዚህ። በግራ እግርሽ ብቻ ዝለይልኝ።»

ፈይሩዝ ዙሀይራን አየቻት። ከዚያ ዘለለች። አንዴ። ሁለተኛውን ስትዘል እግሯ ከሥሯ ከዳት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቅልጥሟን በሁለት እጇ ያዘች። አልጮኸችም። ኦቦ አብዲ አጥሩን በየት በኩል እንዳለፉት አልታወቀም፤ ሲደርሱ ኮፍያቸው ወድቆ ነበር።

ባጃጅ እስኪመጣ ዙሀይራ አጠገቧ ተንበረከከች። «ፈዬ…»

«ቦታሽን አገኘሽ አይደል?» አለች ፈይሩዝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «ሂጂ ሩጪ።»

የጎዳት ደግሞ ይኸው ነው፤ አሰልጣኙም ያንኑ፣ ሩጪ አሏት። የዙሀይራ እግር ጤነኛ እንደሆነ አሁን ገብቷቸዋል፤ ተሳስተው ነበርና ይቅርታ ጠይቀው የፈይሩዝን ቁጥር ደረቷ ላይ ለጠፉላት። ዙሀይራ ባትሮጥ የፈይሩዝ እግር አይድንም። ብትሮጥ ፈይሩዝ ያለችው ነገር እውነት ይመስላል። ምንም ሳትወስን ፊሽካው ተነፋና ከልጆቹ ጋር ሄደች። ስለ ሩጫው በኋላ የምታስታውሰው የሰው ጀርባና የራሷን ትንፋሽ ብቻ ነው። ሁለተኛ ወጣች። ስሟ ተጠራ። ልጆቹ ሲያቅፏት እጆቿ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።

ጎባ ሆስፒታል የተነሳው ራጅ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ እንዳለ አሳየ። ሐኪሙ ብትሮጥበት ኖሮ ለሁለት ይከፈል እንደነበር ለኦቦ አብዲ ነገሯቸው። ጄሶ ታሰረላት።

በሳምንቱ አሰልጣኝ ጫሊ ስልካቸውን ለዙሀይራ ሰጧት። አቶ መሸሻ ነበሩ።

«እሺ ልጄ፣ ጫማው እንዴት ነው? ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

ዙሀይራ ነገረቻቸው። ለአስፋልት ጥሩ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበት አያስመታም፣ በማግስቱ እግር አይደክምም። ለጭቃ አይሆንም፤ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ የተቦረቦረ መንገድ ላይ ያንገዳግዳል።

«ሌላስ?»

«የሚያመው ሰው ሲያደርገው የዳነ ይመስለዋል» አለች። «ግን አልዳነም። ይህን ከጫማው ጋር ለሚወስዱት ልጆች ይንገሯቸው። የሞከርነው ሁለት ነን፤ ሁለተኛዋ ፈይሩዝ አብዲ ትባላለች።»

አቶ መሸሻ አመሰገኗት። ጫማዎቹ እንደሚላኩም ነገሯት። ዙሀይራ ስልኩን መለሰች። የተሻላት ነገር አልነበረም።

እነ ፈይሩዝ ቤት በየቀኑ ሄዳለች። በየቀኑም ኦቦ አብዲ በሩ ላይ ቆመው «ተኝታለች» ይሏታል። ዛሬ ግን አልቸኮሉም። ስንዴ ሲመዝኑ ቆይተው ኖሮ እጃቸው ዱቄት የነካው ይመስላል።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ልታይሽ አትፈልግም» አሏት።

«ኦቦ አብዲ፣ ጊኒር ይልኳታል?»

ዘወር ብለው ወደ ግቢው አዩ። «እግሯ ይዳን መጀመሪያ። ከዚያ እናያለን።»

«ትምህርቷ ግን…»

«እናያለን አልኩሽ እኮ ልጄ።» ድምጻቸው አልከበደም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ገበያ ይጠብቃቸዋል፤ በሩን ገርበብ አድርገውላት ወጡ።

ዙሀይራ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። የፈይሩዝ መስኮት ተከፍቷል፤ መጋረጃው ግን ተስቧል። ከውስጥ የክራንች ድምፅ ተሰማና ጸጥ አለ። ልትጠራት አሰበች፤ ይቅርታ ልትላት አሰበች፤ ግን የትኛውን ይቅርታ? ስለተናገረችው ነው ወይስ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ስላለችው?

የሚቀጥለው ሰኞ የጂኦግራፊ ፈተና አለ። የፈይሩዝ ደብተር ላይ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አንድም መስመር የለም።

ዙሀይራ ከመስኮቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከቦርሳዋ ደብተሯን አውጥታ ገለጠች።

«የአፈር ዓይነቶች» ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ዙሀይራ መጨረሻው ድረስ አነበበች። ከዚያ የሚቀጥለውን ርዕስ ነገ ልታነበው ገጹን አጠፈችና፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ቤቷ ሄደች።